የማጀቴ መንቀጥቀጥና የፌሮው ሒሳብ

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ነገር ሁለት ወገን አለው። አንደኛው ወገን ማጀቴ በ1953 ዓ.ም. በመሬት መንቀጥቀጥ የፈረሰችበት ታሪክ ነው። ሁለተኛው ደግሞ የብረትን መተጣጠፍ በኮምፒዩተር የሚያሰሉ ሰዎች የሚያገኙት ቁጥር ምን ያህል የሚታመን እንደ ሆነ ለማወቅ የደከሙበት ታሪክ ነው። አንባቢ እነዚህን ሁለቱን ምን ያገናኛቸዋል ቢል አይፈረድበትም፤ እኛም የመጀመሪያውን ለመጻፍ ስንነሣ ሁለተኛውን አላሰብነውም ነበር። ነገር ግን ለትምህርታችን በማጀቴ ይሠራል ብለን ያሰብነውን ባለ ሦስት ፎቅ ቤት በኮምፒዩተር ስናሰላ አንዱ ወደ ሌላው መራን። ከዚህ በታች የአገራችንን ዘመን ስንጠቅስ ዓ.ም. እንላለን፤ ያለዚያ ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ማጀቴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ከሚወስደው ዋና መንገድ ወጣ ብላ፣ ደጋው ወደ ቆላ በሚወርድበት ገደል ግርጌ የተቀመጠች ከተማ ናት። አገሩ ሞቃት ነው፤ ማሽላና ጤፍ ይበቅልበታል፤ ገበያው ደገኛውንና ቆለኛውን ያገናኛል። ግንቦት 1953 ዓ.ም. ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ምድር መናወጥ ጀመረች። ዋናው መንቀጥቀጥ የደረሰው ለግንቦት 25 አጥቢያ (እ.ኤ.አ. በ1961 ጁን 2 ቀን)፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ29 ደቂቃ ገደማ ነው። መጠኑ በ6.5 አካባቢ እንደ ነበረ ተጽፏል። ማጀቴ ፈጽማ ፈረሰች። በካራቆሬም ከቤቶቹ ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የጎደለው ወደቀ፤ ዋናው መንገድም 17 ኪሎ ሜትር ያህል በመሬት መንሸራተትና በስንጥቅ ተበላሸ። ንውጥውጡ ከዚያ በኋላም እስከ ክረምቱ ማለቂያ ድረስ አልተቋረጠም።

በዚያ ዘመን ልጆች የነበሩ ሽማግሌዎችን ስንጠይቅ አብዝተው የሚያነሡት የቤቶቹን መውደቅ ሳይሆን ከዚያ በኋላ በሜዳ ያደሩበትን ዝናብ ነው። አንድ አባት፣ «ምድር እንደ ወንፊት ነፋችን» አሉን። ቤቶቹ ከምን እንደ ተሠሩ ስንጠይቃቸውም «ከድንጋይና ከጭቃ፣ ከእንጨትም፤ ፌሮ የሚባል ነገር በዓይናችን አላየንም» ብለው መለሱ።

ይህን ነገር በዚያው ጊዜ ሊመዘግብ የቻለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ መመልከቻ ጣቢያ ነው። ጣቢያው የተመሠረተው በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ምክንያት በ1957ና በ1958 አካባቢ ሲሆን፣ ሥራውን ይመሩ የነበሩት ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን አባ ፒየር ጉዌን ነበሩ። እኚህ ሰው የኢትዮጵያንና የአፍሪካን ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ሰብስበው በ1979 በመጽሐፍ አሳትመዋል፤ ስለ ማጀቴ በቁጥር የሚነገረው ሁሉ ከሞላ ጎደል ከእርሳቸው ድካም የተገኘ ነው። ስለ መጠኑ «አካባቢ» ማለታችንንም አንባቢ ልብ ይበል። በዚህ መለኪያ የሁለት አሥረኛ ልዩነት የተለቀቀውን ኃይል እጥፍ ያደርገዋል፤ 6.4 እና 6.6 በወረቀት ላይ ጎረቤት ቢመስሉም በመሬት ውስጥ ግን አንዱ የሌላው ሁለት እጥፍ ነው።

እንግዲህ ወደ ፌሮው እንምጣ። ዛሬ በሸዋ ሮቢት፣ በአጣዬም ሆነ በማጀቴ አዳዲሶቹ ቤቶች በአርማታ ይቆማሉ። የአርማታ ዓምድ (ግንበኞቻችን ኮለን የሚሉት) መጨመቅን የሚችለው በሲሚንቶውና በጠጠሩ ሲሆን መሳብንና መታጠፍን የሚችለው ግን በፌሮው ነው። መሬት ስትናወጥ ቤቱ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል፤ ከዋናው መንቀጥቀጥ የሚተርፈውም ፌሮው ሳይበጠስ ተለጥጦ፣ ተመልሶ፣ እንደገና ተለጥጦ ኃይሉን ሲጨርስለት ነው። ለምሳሌ በገበያ የሚሸጠውን 12 ሜትር ፌሮ እንውሰድ። በካሬ ሚሊ ሜትር 400 ኒውተን ሲደርስ የሚበገር ዐይነት ከሆነ፣ እስከዚያ ድረስ የሚለጠጠው 24 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ጭነቱ ሲነሣለትም ወደ ቀድሞ ርዝመቱ ይመለሳል። ከዚያ ካለፈ ግን አይመለስም። ሆኖም ደኅና ፌሮ አንድ አሥረኛ፣ ማለትም አንድ ሜትር ከሃያ ሳንቲም ያህል እስኪረዝም ድረስ ሳይበጠስ ሊቆይ ይችላል። በ24 ሚሊ ሜትርና በ1,200 ሚሊ ሜትር መካከል ያለው ሰፊ ቦታ የሰው ነፍስ የሚተርፍበት ነው፤ ሒሳቡም አስቸጋሪ የሚሆነው በዚሁ ቦታ ነው።

ይህን የብረት ጠባይ የአገራችን ባለ እጅ ከጥንት ያውቀዋል። ማረሻ ሲሠራ ብረቱን በወናፍ አግሎ፣ በጉጠት ይዞ፣ በመስፍ ላይ ሲቀጠቅጠው ብረቱ ይሳሳል፣ ይሰፋል፣ ይረዝማል፤ ነገር ግን ከዝገት ቅርፊቱ በቀር ከመጠኑ አይቀንስም። በአንድ በኩል የጎደለው በሌላ በኩል ይወጣል። (ይህን ዕውቀት የያዘውን ሰው ሕዝባችን በንቀት ዓይን ሲያየው መኖሩ የሚያሳዝን ነው፤ ዛሬም ፈጽሞ ያልጠፋባቸው ቦታዎች አሉ።) አንባቢ ይህን የባለ እጁን ነገር ይያዝልን፤ ከጥቂት ገጽ በኋላ ሊቃውንቱን ያሰናከላቸው ይኸው ነውና።

ብረት መቼ እንደሚበገር በሕግ መልክ ለመናገር መጀመሪያ የሞከረው ፈረንሳዊው ትሬስካ ነው፤ በ1864 ብረትን በቀዳዳ እየገፋ ሲያፈስስ ያየውን ለፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ አቀረበ። በ1904 ፖላንዳዊው ሁበር፣ በ1913 ደግሞ ፎን ሚዘስ ዛሬ ኮምፒዩተሮች ሁሉ የሚጠቀሙበትን ሕግ ጻፉ። ፕራንትል በ1920 አንድ ጠፍጣፋ ማተሚያ ወደ ለስላሳ ብረት ሲገፋ ብረቱ የሚሸነፍበትን ጭነት በወረቀት ላይ አወጣ፤ መልሱም የብረቱ የመንሸራተት ጥንካሬ 5.14 ጊዜ ሲባዛ ነው። እንዲህ ያለ እርግጠኛ መልስ የሚገኝላቸው ጉዳዮች ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የማጀቴ ቤት ከእነርሱ አንዱ አይደለም።

ስለዚህ ነገሩ ወደ ሒሳብ መኪና ዞረ። ኩራንት የሚባለው የሒሳብ ሊቅ በ1943 አንድን አካል በትናንሽ ሦስት ማዕዘኖች ከፋፍሎ ማስላት እንደሚቻል አሳየ። በ1956 ተርነር፣ ክላፍ፣ ማርቲንና ቶፕ ይህንኑ የመሰለ ዘዴ ለአውሮፕላን ክንፍ አዋሉት፤ ክላፍም በ1960 «ፋይናይት ኤለመንት» የሚል ስም አወጣለት። በዚያው ሰሞን፣ ማለትም ማጀቴ ከመፍረሷ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በ1959፣ ኒውማርክ የተባለው የኢሊኖይ ፕሮፌሰር የሕንፃን መወዛወዝ በትናንሽ የጊዜ እርምጃ የሚያሰላበትን መንገድ አሳተመ። ክላፍና ኒውማርክ ሁለቱም በመሬት መንቀጥቀጥ ምሕንድስና ስማቸው የተጠራ ነው፤ ስለዚህ የእነዚህ ዘዴዎች ታሪክና የመንቀጥቀጥ ታሪክ ከመነሻው ዘመዳሞች ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ዘዴው ግን የራሱ ወጥመድ ነበረው። ይህን የምንናገረው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ሦስት ሆነን በኮሌጅ ትምህርታችን ከቤቱ አስቀድመን የፕራንትልን ጉዳይ ለልምምድ ስናሰላ ኮምፒዩተሩ 5.14 ላይ ይቆማል ብለን ጠበቅን። ጭነቱ 5.14ን አልፎ ወጣ። ማደጉንም አላቆመም፤ ማተሚያውን በገፋነው ቁጥር ብረቱ እየጠነከረ ይሄድ ነበር። ቁራጮቹ ትልልቅ ስለ ሆኑ ይሆናል ብለን በአራት በአራት ከፈልናቸው፤ ኮምፒዩተሩ ሌሊቱን ሙሉ ሠራ፤ ጠዋት ያገኘነው ያንኑ እያደገ የሚሄድ መስመር ነው። ቁጥሮቹ ግን ከነጥብ በኋላ ስምንት አኃዝ ነበራቸው፤ ለማየትም እጅግ ያማሩ ነበሩ። የፕራንትልን መልስ ባናውቅ ኖሮ አምነናቸው ነበር ብለን ስንመሰክር እናፍራለን።

በተማርንበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህራችን ከማስላታችን አስቀድመን መልሱን በግምት በወረቀቱ ጥግ ላይ ያስጽፉን ነበር፤ ያልጻፈውን ውጤቱ ልክ ቢሆንም ግማሽ ማርክ ይቀንሱበት ነበር። በዚያ ጊዜ ይህን እንደ ክፋት ቆጥረነዋል።

የስሕተቱ ምክንያት የተገለጠው በ1974 ናክቴካል፣ ፓርክስና ራይስ ባሳተሙት ጽሑፍ ነው። ጽሑፉ የሚነጋገረው ብረት ሙሉ በሙሉ በተበገረበት ክልል የፋይናይት ኤለመንት ስሌት በቁጥር ትክክለኛ እንዲሆን ምን እንደሚያስፈልግ ነው። ነገሩን በቀላል ቋንቋ ለማስረዳት እንሞክር። ባለ እጁ እንደሚያውቀው የተበገረ ብረት ቅርጹን እንጂ መጠኑን አይለውጥም። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ እያንዳንዱን ቁራጭ «ተጣጠፍ፣ ነገር ግን አትጨምር፣ አትቀንስ» ብሎ ያዝዘዋል። አራት ማዕዘን ቁራጮች ብዙ ሆነው ሲደረደሩ፣ ማዕዘኖቹን ጎረቤቶች ስለሚጋሩት፣ ለአንድ ቁራጭ በአማካይ የሚደርሰው ነፃነት ሁለት ብቻ ነው፤ ማለትም አንድ ማዕዘን ወደ ጎንና ወደ ላይ መንቀሳቀስ መቻሉ ነው። የተለመደው ስሌት ግን በእያንዳንዱ ቁራጭ ውስጥ በአራት ነጥቦች መጠኑን ስለሚቆጣጠር ሦስት የተለያዩ ግዴታዎች ይጭንበታል። ሁለት ነፃነት ያለው ሦስት ግዴታ ቢሸከም መንቀሳቀሻ አያገኝም። ቁራጭ ማብዛትም ነፃነቱንና ግዴታውን አብሮ ስለሚያበዛ ሸክሙን አያቃልለውም። የእኛ ሌሊት ሙሉ ድካም የባከነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስቱ ሰዎች መድኃኒቱንም አብረው አመለከቱ። በየነጥቡ ከመቆጣጠር ይልቅ የቁራጩ መጠን በጠቅላላው እንዳይለወጥ አንድ ግዴታ ብቻ ይጣልበት አሉ። የኮምፒዩተሩን ፕሮግራም መመሪያ ስናገላብጥ ይህን የሚያደርግ ምርጫ አገኘን፤ እስከዚያ ድረስ ሳይመረጥ የቆየ ነበር። ብንመርጠው መስመሩ ከ5.14 ጥቂት ከፍ ብሎ ቆመ። ቁራጮቹን ስናሳንስም ወደ 5.14 ቀረበ።

ሁለተኛው የስሕተት ምንጭ እርምጃ ነው። ኮምፒዩተር የብረትን ጉዞ በአንድ ጊዜ አያየውም፤ እየተራመደ ነው የሚሄደው። በ1964 ዊልኪንስ የተባለ የሊቨርሞር ሊቅ፣ በአንድ እርምጃ ውስጥ የብረቱ ውጥረት ሊደርስበት ከሚችለው ወሰን ያለፈ እንደ ሆነ በቀጥታ ወደ ወሰኑ የሚመልሰውን ዘዴ አሳተመ። ዘዴው ቀላልና ጠንካራ ስለሆነ ዛሬም በብዙ ፕሮግራሞች ውስጥ ይሠራል። ይህና መሰሎቹ በትልቅ እርምጃ ምን ያህል እንደሚስቱ ደግሞ ክሪግና ክሪግ በ1977 መዝነው አሳዩ። በ1985 ሲሞና ቴይለር ያደረጉት ማሻሻያ ስሌቱ በጥቂት ድግግሞሽ ወደ መልሱ እንዲደርስ ስላስቻለ በሙያው ዘንድ ትልቅ ዋጋ አለው፤ ነገር ግን ሒሳቡ ከዚህ ጽሑፍ ዐቅም በላይ ነው።

እርምጃ እንዴት እንደሚያሳስት አንባቢ ራሱ በእርሳስ ሊያየው ይችላል። የ10 ሜትር ዘንግ ወደ 11 ሜትር ተለጥጦ ተመልሶ 10 ሜትር ሆነ እንበል። ሲለጠጥ አንዱን ሜትር ለ10 ብናካፍል 0.1000 እናገኛለን፤ ሲመለስ አንዱን ሜትር ለ11 ብናካፍል 0.0909 ይሆናል። ዘንጉ ወደ ቦታው ተመልሷል፤ መዝገባችን ግን 0.0091 ተለጥጦ ቀርቷል ይላል። ይህ ቁጥር ትንሽ መስሎ እንዳያታልለን ፌሮው የሚበገርበትን መጠን እናስታውስ፦ 24 ሚሊ ሜትር ለ12 ሜትር ሲካፈል 0.002 ነው። በሁለት እርምጃ ብቻ የተፈጠረው የሌለ መለጠጥ ፌሮውን ከሚያበግረው ከአራት እጥፍ ይበልጣል ማለት ነው። ያንኑ ጉዞ በአንድ ሜትር ፈንታ በአንድ ሳንቲም እርምጃ ብንሄደው ስሕተቱ 0.00009 ብቻ ይሆናል። በተፈጥሮ ሎጋሪዝም ብናሰላው ደግሞ በመሄድም በመመለስም 0.0953 ስለሚሆን ስሕተቱ ከነጭራሹ ይጠፋል። መሬት ስትናወጥ ፌሮ የሚመላለሰው አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም፤ በየምልልሱ የሚጨመረው ጥቂት ስሕተት ተጠራቅሞ ያልተበጠሰውን ተበጥሷል፣ የተበጠሰውንም ደኅና ነው ሊያሰኝ ይችላል።

ይህ ሁሉ የወረቀት ጭንቀት ነው የሚል ቢኖር የስሌይፕነርን ነገር እናንሣለት። በኖርዌይ አገር ለነዳጅ ማውጫ የተሠራ አንድ ታላቅ የአርማታ መድረክ በ1991 ኦገስት 23 ቀን በስታቫንገር አጠገብ ባለ የባሕር ወሽመጥ ሲፈተሽ አንዱ ግድግዳው ተሰንጥቆ ሰጠመ። ሰው አልሞተም፤ ጥፋቱ ግን ወደ 700 ሚሊዮን ዶላር ተገመተ። ምርመራው ያገኘው፣ በፋይናይት ኤለመንት ስሌቱ ውስጥ ቁራጮቹ ሻካራና የተጣመሙ ስለ ነበሩ በግድግዳው ላይ የሚደርሰው የመሸርተት ኃይል በ47 በመቶ አንሶ መታየቱን ነው። በዚህም ላይ በዚያ ቦታ የነበረው ፌሮ በበቂ አልታሰረም ነበር። መድረኩ የባሕሩን ወለል ሲመታ የመንቀጥቀጥ መመዝገቢያዎች 3.0 የሚሆን ንውጥውጥ ጻፉ። የስሌት ስሕተት በመሬት መንቀጥቀጥ መዝገብ ሲገባ ሌላ ምሳሌ አላገኘንም።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የመንቀጥቀጥ ደንብ የወጣው በ1978 ነው። በ1995 የወጣው ደንብ በመቶ ዓመት አንድ ጊዜ ይደርሳል ተብሎ በሚታሰብ መንቀጥቀጥ ላይ የተመሠረተ ነበር። ይህን ወደ ቤት ዕድሜ ብንለውጠው፣ በ50 ዓመት ውስጥ ከታሰበው የበለጠ መናወጥ የመድረስ ዕድሉ ከመቶ 39 ተኩል ያህል ነው። ከአገር ውስጥም ሆነ በውጭ አገር ከሚሠሩት ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶች መካከል ይህን የተቃወሙና በጽሑፍ የሞገቱ ነበሩ። በ2015 የወጣው ደንብ ዘመኑን ወደ 475 ዓመት ስለ አሳደገው ዕድሉ ከመቶ 10 ሆነ። በዚህም ለአዲስ አበባ የሚታሰበው የመሬት ፍጥንጥነት ከስበት 0.05 ወደ 0.10፣ ከፍተኛ ስጋት ላለባቸው ቀጠናዎች ደግሞ ከ0.10 ወደ 0.20 ከፍ አለ። በሌላ አነጋገር በ1995 ደንብ የተሰላ ሕንፃ ሁሉ፣ ኮምፒዩተሩ ስምንት አኃዝ ቢጽፍለትም፣ የመጀመሪያው አኃዝ በእጥፍ የተለወጠበት ነው።

ከ2024 መገባደጃ ጀምሮ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ምድር ስትናወጥ ሰንብታ በ2025 ጃንዋሪ መጀመሪያ ላይ መጠኑ 5.7 የደረሰ መንቀጥቀጥ በተሰማ ጊዜ የአዲስ አበባ ሰው ሌሊት ከፎቅ ወደ ሜዳ ወርዷል። በዚያን ሰሞን ከዘመዶቻችን ብዙዎቹ «እናንተ ተማሪዎቹ፣ ይኼ ቤት ይችላል?» ብለው ጠየቁን። ፕሮግራሙ በእጃችን ነበር፤ የቤቶቹ ሥዕል (ፕላን) ግን በእጃችን አልነበረም፤ ቢኖርም ደግሞ ስታፋው በየስንት ሳንቲም እንደ ታሰረና ጫፉ ወደ ውስጥ ታጥፎ እንደ ሆነ አርማታው ከፈሰሰ በኋላ ማን ያየዋል? ዝም ከማለት በቀር የምንመልሰው አላገኘንም።

የጀመርነውን የማጀቴ ቤት ስሌት ከጨረስን ቆይተናል። ቁራጮቹን ሁለት ጊዜ አሳንሰን፣ የጊዜውን እርምጃም በግማሽ ቀንሰን ደግመነዋል፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ውጤቶች ስለ ተቀራረቡ በሪፖርታችን ላይ ሁለት አኃዝ ብቻ ጻፍን። መምህራችን የቀሩት አኃዞች የት ሄዱ ብለው ጠይቀውን ነበር፤ ስናስረዳቸው ተቀበሉን። አንድ ነገር ግን ልናሻሽለው አልቻልንም። በ1953 ዓ.ም. በማጀቴ የመሬቱን አነቃነቅ የሚጽፍ መሣሪያ አልነበረም፤ ያንን ሌሊት ከመዘገቡት ቅርብ የነበረው የአዲስ አበባው ጣቢያ ሲሆን እርሱም በቀጥታ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ስለዚህ በኮምፒዩተሩ ውስጥ የማጀቴን ቤት ያናወጥነው በካሊፎርንያ፣ በኤል ሴንትሮ ከተማ፣ በ1940 ሜይ 18 ቀን በተመዘገበው መንቀጥቀጥ ነው።